«ተባርራ ነው የወጣችው አሉኝ፤ ላከራያት?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችኝ። የሁለት ልጆች እናት ልትከራይ መጣች። ከነበረችበት ቤት አስወጥተዋት ነው አሉ። ገቢዋ ሴፍቲኔት፣ ማለትም መንግሥት ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ነው፤ በተረፈ ልብስ ታጥባለች። ጎረቤቶቼ «ተይ፣ ኋላ አትወጣልሽም» ይሉኛል። ደላላው ደግሞ የስድስት ወር ቅድሚያ አስከፍያት አለኝ። እኔ ልጆቹን ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። «ተባርራለች» የሚለው ወሬ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ለምን እንደወጣች ነው ማወቅ ያለብሽ። እኔ ግቢ የኖረች አንዲት እናት ከዚያ በፊት ሁለት ቤት አስወጥተዋታል። ሲጣራ አንዱ ባለቤት ልጁን ሊድር ክፍሉን ፈልጎት ነው። ሌላዋ ኪራዩን ባንዴ እጥፍ አደረገችባት። የማንም ብር አልነበረባትም። እንዲህ ያለችውን ሰው በር ስንዘጋባት በጣም ያመኛል።

ስለዚህ የቀድሞውን አከራይ ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪ። ቀሪ ኪራይ አለባት? የመብራትና የውሃስ? ከስንት ጊዜ በፊት ነው ውጪ የተባለችው? አሁንስ ክፍሉ ውስጥ ማን ገባ? ይቺን የመጨረሻዋን እንዳትረሺ። የባለቤቱ ዘመድ ወይም የተሻለ የሚከፍል ሰው ከገባበት ነገሩ ገባሽ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያከራያትንም ፈልጊ፤ የሚደብቀው ነገር ስለሌለ በግልጽ ያወራሻል።

የሴፍቲኔቱ ገንዘብ አያስፈራሽ። በባንክ ሒሳብ ነው የሚገባው፤ ከብዙ የቀን ሥራ ይልቅ የሚታወቅ ገቢ ነው። ደሴ እኮ የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ግን ሁለት ነገር ጠይቂያት። ሠርተው ከሚከፈላቸው ከሆነች 20 በመቶው ለቁጠባ ይያዛል፤ እጇ ላይ የሚደርሰውን ቁጠሪ። ሥራውም የጊዜ ገደብ አለውና ስንተኛ ዓመቷ እንደሆነ እወቂ። ኪራዩን ደግሞ ብሩ ከሚገባበት ቀን በኋላ አድርጊው። በ5 ክፈይ ብለሽ ብሩ በ12 ቢገባ በየወሩ በከንቱ ትጨቃጨቃላችሁ።

የደላላውን ነገር ተይው። ስድስት ወር ከየት ታምጣ? የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ነው፤ ቢሆንም እኔ በዚሁ ልክ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ቆጣሪው አንድ ከሆነ የመብራቱን አከፋፈል ውሉ ላይ ጻፉት።

እኔ ብሆን አከራያታለሁ። የቀድሞው አከራይ «ብር ቀርቶባታል» ካለሽ ግን ስንት እንደሆነና እንዴት ልትከፍል እንዳሰበች እሷኑ ጠይቂያት፤ መልሷን ሰምተሽ ወስኚ።