ማስረጃ ደብቆ ማቆየት ምን ያስከትላል? የፍትሐ ብሔር ክስ ላለባችሁ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በጠበቃ ረዳትነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የመኪና አደጋና የደመወዝ ክስ ያለባቸው ብዙ ወገኖቻችንን አግኝቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። የምጠቅሰው የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ደንብ ነው። የየስቴቱ ቀነ ገደብ ስለሚለያይ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ። ጠይቁ፣ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠበቃዬ ከችሎት በፊት ሰነዱንም የምስክሮቹንም ስም ለባላጋራዬ እንስጥ ይለኛል። ለመጨረሻው ቀን ባቆየው አይሻልም?

ወንድሜ፣ ያቆየኸው ማስረጃ በዚያ ቀን አይሠራልህም። በደንብ ቁጥር 26 መሠረት የሁለቱ ወገን ጠበቆች ስለ ማስረጃ ልውውጡ ተገናኝተው በተነጋገሩ በ14 ቀን ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቅህ፣ ክስህን የምትደግፍባቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ፣ ሰነዶችህን እና የጉዳትህን ስሌት ትሰጣለህ። ካልሰጠህ ቁጥር 37 ይመጣል፦ ያላሳወቅኸውን ምስክር ወይም ሰነድ ችሎት ላይ መጠቀም አትችልም። የሚያድንህ በቂ ምክንያት እንደነበረህ ወይም መዘግየቱ ሌላውን ወገን እንዳልጎዳ ማሳየት ብቻ ነው። ዳኛው ከዚህም በላይ የሌላውን ወገን የጠበቃ ወጪ ሊያስከፍልህ፣ መደበቅህን ለጁሪው (በፍርዱ ላይ ለሚወስኑት ተራ ዜጎች) ሊነግርብህ ይችላል። እውነት የያዘ ሰው ማስረጃው ውጭ ቀርቶ ሲረታ ማየት በጣም ያማል።

ጥያቄ፦ ዝርዝሩን ከሰጠሁ በኋላ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል አለኝ።

አዲሱን የሕክምና ወረቀትና የተጨመረውን ሒሳብ ሳትዘገዪ ለጠበቃሽ ስጪው፣ እሱም ይልካል። አንዴ ሰጥቻለሁ ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ነገሩ ሲለወጥ ማሳወቅም ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ከአደጋው በፊትም ወገቤን ያመኝ ነበር። ይሄንንም እኔው ልናገር?

ሳይጠየቁ የሚሰጡት ራስዎ የሚጠቀሙበትን ነው። ሲጠየቁ ግን መዋሸትም መዝለልም የለም፣ በመሐላ ነውና። የባላጋራዎ ጠበቆችም ይጠይቃሉ። እስከ 25 የጽሑፍ ጥያቄ መላክ ይችላሉ፣ መልሱም በ30 ቀን ይፈለጋል። የድሮ የሕክምና መዝገብዎን ያስወጣሉ። የነበረ ሕመም በአደጋው ከተባባሰ መባባሱ ራሱ ካሳ ሊያስገኝ ይችላል። ክድ አድርገው ከተገኙ ግን ስለ ቀሪው ነገር የሚያምንዎት አይኖርም። ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፣ እባክዎ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ለእኛ ለደሃዎቹ ነው። ኩባንያ ሲደብቅ ማን ይቀጣዋል?

ጉድይር በተባለው የጎማ ኩባንያ ላይ የሆነውን ላውጋህ። የአንድ ቤተሰብ የጉዞ መኖሪያ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ጂ 159 የተባለው ጎማ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የሚፈጠረውን ሙቀት አይችልም ብለው ከሰሱ፤ የኩባንያውን የምርመራ ውጤትም ደጋግመው ጠየቁ። በ2010 ተስማምተው ክሱ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ጠበቃቸው ጋዜጣ ላይ ያነባል፦ ኩባንያው በሌላ ክስ ስለዚያው ጎማ ለእነሱ ያልሰጣቸውን የምርመራ ውጤት አቅርቧል! ዳኛዋ 2.7 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል አዘዙ። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚከፈለው በድብቁ የተነሳ የወጣው ወጪ ብቻ ነው ብሎ ለዳግም ስሌት መለሰው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ቤተሰቡ ያንን ወረቀት ሳያይ መታረቁ ነው።

ጥያቄ፦ ከአለቃዬ ጋር የተጻጻፍኩትን መልእክት ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ክስ እንደሚኖር አውቅ ነበር።

ክስ እንደሚመጣ ካወቅሽበት ጊዜ ጀምሮ መልእክቱን መጠበቅ ግዴታሽ ነበር። በ2015 የተሻሻለው ደንብ ሁለት ነገር ይለያል። በቸልተኝነት ጠፍቶ ሌላውን ወገን ከጎዳ፣ ዳኛው ጉዳቱን የሚያካክስ ያህል እርምጃ ይወስዳል። ሌላው ወገን እንዳያገኘው ብሎ ሆን ብሎ ያጠፋ ግን ጁሪው መልእክቱ ይጎዳው እንደነበር እንዲገምት ሊታዘዝበት፣ ክሱም ሊዘጋበት ይችላል። አሁኑኑ ለጠበቃሽ ንገሪው። ኮፒው ደመና (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ወይም የአለቃሽ ስልክ ውስጥ ካለ በሌላ መንገድ ሊተካ ይችላል፤ ከተተካ ደግሞ በዚህ ደንብ መቀጣት አይኖርም። ስልክሽን ግን አትቀይሪ፣ ምንም ነገር አታጥፊ።

ጥያቄ፦ ጠበቃው ቢረሳስ፣ የእኔ ጥፋት ምንድን ነው?

ወጪውን ጠበቃው፣ አንተ ወይም ሁለታችሁ እንድትከፍሉ ሊታዘዝ ይችላል። ክሱ ከተዘጋ ግን የሚወድቀው ያንተ ጉዳይ ነው። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የሆኪ ቡድን ከሳሾች ለጽሑፍ ጥያቄዎች 17 ወር ሙሉ በቂ መልስ ባለመስጠታቸው ክሳቸው መዘጋቱን አጽንቷል። ለጠበቃህ የሰጠኸውን ሁሉ በኢሜይል ላክ፣ ኮፒም ያዝ።

ጥያቄ፦ አገር ቤትስ?

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 የምስክርና የሰነድ ዝርዝር ከክስ ማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ ያዛል። በአንቀጽ 137 ደግሞ በእጅ እያለ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያልቀረበ ሰነድ፣ በክፉ ልቦና እንዳልቀረ ፍርድ ቤቱ ካላመነ በቀር፣ በኋላ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ ባለው ክሴ ከባላጋራዬ «ይህ እውነት መሆኑን ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?» የሚል ዝርዝር ደርሶኝ ሳልመልስ 5 ሳምንት ሆነኝ።

በፌዴራሉ ደንብ በ30 ቀን ውስጥ ያልተመለሰ እንደታመነ ይቆጠራል። እንዲነሳ ዳኛውን መጠየቅ ይቻላል፣ ግን በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ለጠበቃህ ደውል።