ያልመጣውን ሰው ጠይቁ

ይድረስ ዘንድሮ ተመርቃችሁ የምደባ ዕጣ ለምትጠብቁ ልጆቼ፤

ዕጣው ግሼ ወይም መንዝ ቢጥላችሁ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። የእኔም ጠቁሮ ነበር። «ሲስተር» እየተባልኩ 34 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን በሰሜን ሸዋ ደጋ ጤና ጣቢያዎች፣ ግማሹን ደብረ ብርሃን። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሥራዬ የሰፈር ሰው ግፊት መለካትና ቡና ማፍላት ሆኗል። ነርስነት የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ፣ «እትዬ፣ ገጠር ስኳርና ግፊት ብዙም የለም አይደል? እዚያ ያለው ወሊድና ወባ ነው» አለችኝ። በመንዝ ብርድ ወባ ከየት እንደሚመጣ ትቼላት ስለ ስኳሩና ስለ ግፊቱ ልመልስላት ስል ሰው ገባ፣ ወሬው ተበተነ። እናንተም እንደ እሷ አስባችሁ እንዳትሄዱ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ልጅቱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ግፊት፣ ስኳርና ውፍረት ከተማ ላይ ይበዛሉ። ለምን እንደሆነ ለማየት ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቀን መዋል ይበቃል። የመንዝ ገበሬ ከማሳ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ ገደል ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ልጁ ከተማ ገብቶ ሱቅ ሲከፍት ውሎው ከወንበር ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ወንበር ነው። ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ምሳው ላይ ለስላሳ፣ ወጡ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብቃው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እኛ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንጨምራለን፣ ወጡ ሲሠራ ሌላ ጨው። ሆዱ የገፋውን ሰው ደግሞ «ተመችቶሃል!» እንለዋለን። እኔም ብያለሁ፣ ያውም ነጭ ጋውን ለብሼ።

ነገሩም ከተማ ላይ ብቻ አይቀርም። ከ1985 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ለታየው የሰው ክብደት መጨመር ከግማሽ በላይ ድርሻ ያለው የገጠሩ ሕዝብ መሆኑን ያሳየ ትልቅ ጥናት አለ። አስፋልቱ ሲደርስ ለስላሳውም አብሮ ይደርሳል።

ሆኖም «ገጠር የለም» የሚለውን ወሬ ልጅቱ ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ከሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱን የምንሠራው ደግሞ እኛው ነበርን። መጀመሪያ የተመደብኩበት ጤና ጣቢያ አንድ የግፊት መለኪያ ብቻ ነበረው። ጎማው ስለሚተነፍስ በፕላስተር እየጠገንን እናቶች ክፍል አስቀመጥነው። ስለዚህ ግፊት የሚለካው ለነፍሰ ጡር ብቻ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ወረዳ የላክነውን ወረቀት ያነበበ ሰው፣ በዚያ አገር ግፊት የሚይዘው ነፍሰ ጡርን ብቻ ነው፤ ወንድ አይይዝም፣ ሽማግሌ አይይዝም፣ ያረጠች ሴትም አይይዝም ብሎ ያስባል! ከላይ «ይሄ እንዴት ይሆናል?» ብሎ የጠየቀን የለም። የሚያሳፍረኝ ግን እኛንም አለመግረሙ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት አለ፤ ፒዩር ይሉታል። በ17 አገሮች ከ150 ሺህ በላይ ሰዎችን ለአራት ዓመት ገደማ ተከታትሎ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አወጣ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ነበሩ። ለልብ በሽታ የሚያጋልጠው ነገር በከተማ በዝቶ ተገኘ። በልብ በሽታና በስትሮክ መያዙ ግን በገጠር በለጠ፤ በዓመት ከ1000 ሰው በከተማ 4.83፣ በገጠር 6.25። ከተያዙት ውስጥ የሞቱት ደግሞ በከተማ ከ100 ሰው 13.5 ገደማ ሲሆኑ በገጠር ከ17 ያልፋሉ። ሰንጠረዡን ደጋግሜ አየሁት። ዐይኔ ላይ የመጣው ግን ቃሬዛ ነበር።

አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ከእርሻ ሲመለሱ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፣ አፋቸው ተጣመመ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አሻቸው። በነጋታው ስምንት ጎልማሶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ አደረሷቸው። ስለካቸው 210 በ120። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክንዳቸው ላይ መለኪያ ታስሮ አያውቅም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ስትሮኩ በያዘ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ እሱም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ታይቶ ነው። በአራት ሰዓት ተኩል የእኛ ሰውዬ ገና ከቤታቸው አልወጡም ነበር። ወደ ሆስፒታል ጻፍንላቸው። ቤተሰቡ የመኪናውን ዋጋ፣ የአልጋውን ዋጋ፣ የአስታማሚውን ስንቅ ደምሮ ወደ ቤት መለሳቸው፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። የእኛ መዝገብ ዛሬም «ሪፈር» ነው የሚለው። በምን እንደሞቱ የሚያውቀው ዕድራቸው ነው።

ለዚህ ነው የገጠር ሞት ቁጥር ሲነገራችሁ «ማን ቆጠረው?» ማለት ያለባችሁ። አዲስ አበባ ላይ የመቃብር ቦታዎችን መዝገብ ይዘው፣ ሟች ቤት ሄደው «እንዴት ታመመ? ትንፋሽ ያጥረው ነበር? እግሩ ያብጥ ነበር?» ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ። ቡታጅራ ላይም ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በአገራችን ከ10 ሞት 4ቱ ገደማ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች እንደሆነ ይገምታል። የእኛን ሰውዬ ግን ማንም አልጠየቀላቸውም።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ በጎቹን ጥሎ መሄድ የማይወድ። ከስቶ፣ ውሃ እየጠማው፣ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት እየተነሣ ታይፎይድ ተብሎ ሁለት ጊዜ ታከመ። ስኳር የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው ብለን ስለተማርን ቀጭን እረኛ ሲመጣ አንጠረጥርም። (በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን በልጅነት ከተጎዳ አመጋገብ ጋር የተያያዘውን ስኳር አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። የእኛ አገር ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ከሲታ በሽተኞችን ከዚያ በፊትም ያውቋቸው ነበር።) በመጨረሻ ሆስፒታል ገብቶ ኢንሱሊን ተጀመረለትና ለክትትል ወደ እኔ ተላከ። አወጋጉን አሳየሁት፣ መጠኑን አስጠናሁት፣ ምግብ እንዳይዘል ነገርኩት። ስለ አቀማመጡ የተማርኩትን ደገምኩለት፦ «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው።»

ወሩ ኅዳር ነበር። ቀዝቃዛ ቦታ አልኩት እንጂ የት እንደሚተኛ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል አልጠየቅኩትም። ታዛዥ ልጅ ነውና ብልቃጡን ከቤቱ ውጭ፣ ከክዳኑ ሥር በካቡ ድንጋይ መሃል አኖረው። በዚያ ሰሞን ደጅ ያደረ ውሃ ጠዋት ፊቱ ረግቶ ይገኛል። ኢንሱሊን ደግሞ አንዴ ከረጋ በኋላ ቢሟሟም አይሠራም። ልጁ ጠዋትና ማታ፣ ሳያዛንፍ፣ የሞተ መድኃኒት ተወጋ። ሲያመጡት በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ግሉኮስ የሌለበትን ፈሳሽ ሰቅለንለት መኪና ስንጠብቅ እጃችን ላይ አለፈ። እናቱ ብልቃጡን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ዱቄት የመሰለ ቅንጣት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ብንሆን ኖሮ ያልኩት ትክክል ነበር፤ እዚያ ኢንሱሊን የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ገጠር ገጠር ሲባል አንድ አገር ይመስላችኋል። በአንድ ዞን ውስጥ አንዱ መድኃኒት በውርጭም በሐሩርም ይበላሻል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው፤ ብዘረዝራቸው ደብዳቤው አያልቅም። ደጋችን እንጨት ስለሌለው ምጣዱ የሚጣደው በኩበት ነው። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ የ50 ዓመት ሴት በዚያ ጭስ ሳንባዋ ሲያረጅ ሦስት ጊዜ አክታ ሰጥታ «ቲቢ የለም» ተብላ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳላት የሚጠይቅ የለም። በልጅነቱ ጉሮሮው ሲቆስል በመድኃኒት ፈንታ እንጥሉን የተቆረጠ ልጅ፣ ያልታከመው ጉሮሮ ልቡን ጎድቶት፣ በ20 ዓመቱ የልቡ በር (ቫልቭ) ተበላሽቶ ይመጣል። ልቡ እንዳይብስበት በየ28 ቀኑ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው 28ኛውን ቀን አስታውሶ ሁለት ወንዝ መሻገሩ ነው። ልባቸው ተጎድቶ ሳያውቁት የሚያረግዙ ወጣት ሴቶችን ደግሞ በተለይ ፍሩላቸው።

እንግዲህ ስትሄዱ፦ ሰው ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ ግፊቱን አትለኩ፤ ወንበር ሰጥታችሁ አምስት ደቂቃ ይረፍ። ቀጠሮ ስትሰጡ የገበያውን ቀን ጠይቁ፤ ሐሙስ ገበያ ለሚወጣ ሰው ማክሰኞ አትቅጠሩት። ግፊቱ የተረጋጋለትን በየወሩ ከማመላለስ የሦስት ወር መድኃኒት መስጠት ይሻላል፤ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አይተናል። ጾም ሲገባ ስኳር ያለበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ እናንተን ካልሰማ የንስሐ አባቱን ያዙ። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ሊገባ የተነሣውን መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ንገሩት እንጂ አትሟገቱት። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ አስተምረው ነበር፤ ይህን ያነሣሁላቸው ካህን አንድም አልተቃወሙኝም።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን የክትትል መዝገቡን ነገር ነው። እኛ የመጣውን እንቆጥር ነበር። በወሩ መጨረሻ የመጣው ሲደመር ደስ ይላል፣ ሪፖርቱም ያምራል። እናንተ ጣታችሁን ባዶው ሳጥን ላይ አድርጉ። ያ ሰው ለምን ቀረ? ተሽሎት? መድኃኒት ቤት «የለም» ተብሎ? የጤና መድኑን ሳያድስ ቀርቶ? ወይስ ተቀብሮ? የቀበሌውን ጤና ኤክስቴንሽን ጠይቁ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ያሉት ለዚህ ነው፤ ማን ቤት ምን እንዳለ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። «ይህ የነርስ ሥራ አይደለም» የሚላችሁ አለቃ ካለ ጎንደርን ጥቀሱለት። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውርደው በነርስ እጅ አሠርተውታል።

እኔ ይህን የጀመርኩት ልጁ ከሞተ በኋላ ነው፤ ዘግይቼ። በሁለተኛው ዓመት ኢንሱሊን የምትወስድ የ14 ዓመት ልጅ ለሁለት ቀጠሮ ቀረችብኝ። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ሦስት ሰዓት በእግር ሄደን ቤቷ ደረስን። ልጅቱ ደህና ናት፤ አጎቷ ከአዲስ አበባ መድኃኒት ስለላከላት ነው የቀረችው። ብልቃጡ የት እንዳለ ስጠይቅ እናቷ ወደ ጓዳ ገቡ፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ ጎታው ገብስ ውስጥ ከተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «ሌሊት ከውርጩ ገብሱ ይሸሽገዋል» አሉኝ። ማንም አላስተማራቸውም። ጨርቁን ፈቱ፣ ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ወደ ፀሐይ ያዙትና ቅንጣት ይኖረው እንደሆን አገላብጠው አዩ።