ወንጪ፦ አፋፉ ይሻላል ወይስ ሐይቁ?

እህቴ፣ «ከእናቴ ጋር ለአንድ ቀን ወንጪ ልንሄድ ነው፤ እናቴ ከስድሳ አልፋለች። አፋፍ አፋፉን እንጓዝ ወይስ ሐይቁ ድረስ እንውረድ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ እኔ አፋፉን ነው የምመርጥላችሁ። ብዙ ሰው ግን ከመኪና እንደወረደ በቀጥታ ቁልቁል ወደ ጀልባው ይሮጣል።

ወንጪ ሐይቅ የተኛው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ታች ስትሆኚ የሚታይሽ ውሃውና ዙሪያውን የከበበው ገደል ነው፤ እሱም ደስ ይላል። ላይ ሆነሽ ስታይ ግን ሐይቁ ከነእጥፋቱ፣ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት፣ በየጎጆው ዙሪያ ያለው እንሰት፣ በተዳፋቱ ላይ የተደረደረው የገብስ ማሳ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይታያል። ፊትሽን ወደ ውጭ ስትመልሺ ደግሞ አገሩ ወደ ወሊሶ በኩል ዝቅ እያለ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ትንፋሽ ነው። የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦም ይበልጣል። የአዲስ አበባ ሰው «ከፍታ ለምጃለሁ» ይልና መውረዱን እየዘፈነ ይወርዳል፤ ሲመለስ በየሃምሳ እርምጃው እየቆመ «እይታውን» ያደንቃል። አፋፉም ቢሆን ወጣ ገባ ስላለው ሜዳ ነው ብላችሁ አትሂዱ። ልዩነቱ እናትሽ የደከማት ቦታ ላይ መመለስ መቻላችሁ ነው። ከታች ግን የግድ መውጣት አለ።

መንገዱ ምልክት የተተከለበት አይደለም፤ ገበሬውና ገበያተኛው የሚሄድበት የእግር መንገድ ነው። በየሰፈሩ ይከፋፈላል፣ አንዳንዴ ገደሉን ትቶ በአጥር ጀርባ ይዞራል። ስለዚህ ከአካባቢው አስጎብኚ ውሰዱ። ፈረስም ይከራያል። እናትሽ ዳገቱን በፈረስ ትውጣ፣ ቁልቁለት ሲሆን ግን ወርዳ በእግሯ ትሂድ፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻ ወገብ ይጎዳል፣ ያስፈራልም። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የፈረሱ ጎታች ክፍያ ውስጡ እንዳለበትም ጠይቁ። ዙሪያውን ሙሉ ልዙር አትበይ፤ ለጠንካራ ተጓዥም ሙሉ ቀን የሚፈጅ ነው። ሄዶ መመለስ ይበቃል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ በክረምት ጉም ሐይቁን ይሸፍነዋል፣ ጭቃውም ያንሸራትታል። ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር፣ አገሩ ገና ለምለም ነው፣ ሰማዩም ይጠራል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ውጡ። ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ዋዜማውን እዚያ ላለ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ይቺን አትዝለሏት።

ጃኬትም ባርኔጣም ያዙ። አፋፉ ላይ ነፋሱ ይበርዳል፣ ፀሐዩ ደግሞ ሳታውቂው ፊትሽን ያቃጥልሻል። ውሃና ቆሎ በቦርሳ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይከተሏችኋል፤ ከረሜላና ሳንቲም ከመስጠት «አካም» ብላችሁ ሰላምታ ብትሰጡ ይሻላል፣ የሚቀጥለውንም እንግዳ አያስቸግሩትም።

«ሐይቁን ሳልነካ አልመለስም» ካለችሽ (እናቶች ጠበል ካለ ይላሉ፣ እዚያም ፍል ውሃ አለ) ቀትር ላይ በመኪና ውረዱ። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ቦታው ከለማ ወዲህ መንገዱ ተሻሽሏል። ወደ ገዳሙ በጀልባ ለመሻገር ካሰባችሁ ነጠላ ያዙ፣ ለመመለሻም ጊዜ ተዉ፤ ከወሊሶ ወዲያ በጨለማ መንዳት አያስፈልግም።

ለእናትሽ ከዘራ አትርሺ። የአስታ እንጨት እንቆርጣለን እንዳትሉ፣ ያ ዛፍ እዚያ እየሳሳ ነው።