ብረት ይነቃል ወይስ ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ብረት ጫና ሲመላለስበት ውስጡ የሚፈጠረውን በጣም ትንሽ ክፍተት «ስንጥቅ» ልበለው ወይስ «ንቃቃት»? ጫናው እየተመላለሰ ብረቱን የሚጎዳውንስ ነገር «ድካም» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ ከ«ስንጥቅ» ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል።

ሰነጠቀ የግዕዙ ሠጠቀ ነው፤ መሐሉ ላይ ነ ገብቶበት። የእንጨት ቃል ነው። የተሰነጠቀ ነገር አፉን ከፍቶ ይታያል። የነቃ ማሰሮ ግን ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ውሃ ሲሞላበት ነው።

ነገሩን ራሱን እንየው። ብረት ጥቃቅን ፍሬዎች ተጣብቀው የሠሩት ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አቶሞች ተሰልፈዋል፤ የአንዱ ሰልፍ ግን ከጎረቤቱ አይገጥምም። ዩዊንግና ሃምፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1903 እ.ኤ.አ. የስዊድን ብረት ላይ ጫና እያመላለሱ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ መጀመሪያ ፍሬዎቹ ላይ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮች (የአቶም ሰልፎች አንዱ በሌላው ላይ የተንሸራተቱባቸው) ወጡ። ቆይተው መስመሮቹ ነቁ። ትንሿ ንቃቃት ሰልፉን ተከትላ ትሄዳለች። የፍሬው ወሰን ላይ ስትደርስ ትዘገያለች፤ አንዳንዴም እዚያው ትቀራለች። ከተሻገረች ትፈጥናለች። ብዙ ፍሬ ካለፈች በኋላ ለወሰን ደንታ የላትም፤ ለሚጎትታት ኃይል መስቀለኛ ሆና ትቀጥላለች። ያኔ ስንጥቅ ይበሏት፣ አልጣላም። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ካገኙ ስብራቱን ይዩት። ለስላሳው፣ ቅስት ቅስት መስመር ያለበት፣ ቀስ እያለች የሄደችበት ነው። ሻካራው በመጨረሻ ቀጭ ያለበት ነው።

«ንቃቃት የመሬትና የተረከዝ ነው፤ ብረት ነቃ ካልንማ ማሰብ ጀመረ ያሰኛል» የሚሉ አሉ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ክርክሩ ግን አያዋጣም። በግዕዝ ከእንቅልፍ የሚነሣው ነቅሀ ነው፤ የሚተረተረው ነቅዐ። አማርኛ ሀንም ዐንም ውጦ ሁለቱንም ነቃ አላቸው። ምንጭ በግዕዝ ነቅዕ የሚባለውም ከዚሁ ነው (ይህን እንኳ አልጠየቁኝም)። ደግሞስ ንቃቃት ሲባል እንቅልፍ ትዝ የሚለው ማን ነው?

«ድካም» ያስኬዳል፣ ግን ያብራሩት። ጋራዥ ውስጥ «ሞተሩ ደክሟል» ማለት አርጅቷል ነው። ሰውም ደክሞት ተኝቶ ይነሣል፤ ብረት ቢያርፍ የነቃው አይገጥምለትም። «ዝለት» የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም፤ ዝለት የጡንቻ ነው። ማስረጃ አይጠይቁኝ፣ ጆሮዬ ነው።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ጋራዡ «ክራክ አድርጓል» ይላል፤ የተማረው ሁሉ «ስንጥቅ» ብሎ ይጽፋል። ምን ይደረግ፣ ቃሉ ሄዷል። በርዕሱ ላይ ስንጥቅ ይበሉ። ገና አንድ ሁለት ፍሬ ውስጥ ላለችው ግን ንቃቃትን ያቆዩልኝ፤ ሠልጣኞችዎም ሁለቱን ደረጃ በቀላሉ ይለዩበታል።