መልስ፦ ለአባቴ የደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይስ አምሎዲፒን?

አምሎዲፒኑን። አንዱ ዶክተር ኢናላፕሪል ብቻውን፣ ሌላው አምሎዲፒን ካዘዙላቸው ጥናቱ ወደ ሁለተኛው ነው የሚያደላው። ስኳር፣ ኩላሊት ወይ የልብ ድካም ካለባቸው ግን ነገሩ ይለያል፣ ኢናላፕሪሉ በምክንያት ታዞ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ማዘዣ ይዘሽ አንዱ ዶክተር ጋ ተመለሽና ይወስን፣ በራስሽ ሁለቱንም እንዳትጀምሪላቸው።

ዝም ብዬ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ኦልሃት የሚባል የአሜሪካ ጥናት አለ፣ በ2002 የወጣ (በፈረንጅ)፣ ከ33 ሺህ ሰው በላይ ላይ ሦስት መድሃኒት ጎን ለጎን ያወዳደረ፣ ጥቁሮቹ ላይ የኢናላፕሪል ዘመድ ሊዚኖፕሪል ከርካሹ የሚያሸና ኪኒን ያነሰ ነው ግፊት ያወረደው፣ ስትሮክም በዝቶበታል። ክሪዮል የሚባለው ጥናት ደሞ በ2019 እዚሁ አፍሪካ፣ ስድስት አገር (እኛ የለንበትም፣ እንደ ልማዳችን) 728 ሰው ላይ ተሰርቶ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ የመድሃኒት ጥምረቶች ግፊት በማውረድ የሌለበትን ጥምረት በልጠውታል።

ዋጋው ካስጨነቀሽ የታዘዘውን መድሃኒት ራሱን፣ ግን ርካሹን ዓይነት ጠይቂ፣ ውድ ስለሆነ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲ ሞክሪ።

አንድ ነገር ግን፣ ኢናላፕሪል እየወሰዱ ሳል ካላቸው አትናቂው። እናቴ ኢናላፕሪል ጀምራ ደረቅ ሳል ያዛት፣ ሦስት ወር ሙሉ ፒያሳ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሽሮፕ ስንለቅም፣ ቤት ዳማከሴ ስንጨምቅ ኪኒኑን የጠረጠረ አልነበረም፣ ያዘዘላት ዶክተርም አልጠየቃትም። ሲቀየርላት በሁለት ሳምንት ለቀቃት። አምሎዲፒን ደሞ እግር ያሳብጣል፣ ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸውን እይው።