መልስ፦ የደርቢ ቀን ማሊያ ለብሰው የሚመጡ ተማሪዎችን ምን ላድርግ?

ማሊያውን አያሳድዱ፤ ለድጋፋቸው ትንሽ ቦታ ይስጡት። የአንድ ከተማ ክለቦች የሆኑት ሀዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በሚገናኙበት (በደርቢ) ቀን ከሸሚዙ ስር ለብሰው መምጣታቸው አይቀርም። ማስፈጸም የማይችሉት ክልከላ ደግሞ ሌላውንም ደንብ ያስንቃል።

ደንቡ በአንድ መስመር ይለቅ፦ ዩኒፎርም ሙሉ፣ ሸሚዝ የተቆለፈ፣ የቡድን ምልክት የእጅ ማሰሪያ ብቻ። ስካርፍ አይፍቀዱ፤ አንገት ላይ ያለ ነገር በግፊያ ይጎተታል። ከጨዋታው 3 ቀን በፊት በሰልፍ ላይ ይነበብ፣ ለወላጅም በዚያው ቀን ይድረስ። አርሰናልና ማንቸስተርም በዚሁ ይዳኙ፤ አለበለዚያ በር ላይ የሚጠብቅዎት ክርክር ማለቂያ የለውም።

ማሊያ ከላይ ደርቦ የመጣውን ወደ ቤት አይመልሱት (አንዳንዱ የሚፈልገው እሱን ነው)። አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ይክተትና ክፍል ይግባ። የግድ ከወሰዱበት ስምና ክፍሉን ጽፈው በፌስታል ያስቀምጡ፣ ሲወጣ ይመልሱለት። ማሊያው የታላቅ ወንድሙ ሊሆን ይችላል፤ ከጠፋ ጣጣው የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ ጠቡ የሚነሳው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሲለቀቁ፣ በር ላይ ነው። 9ኛና 10ኛን ቀድመው ይልቀቁ፣ የቀሩትን ከ10 ደቂቃ በኋላ። በር ላይ የሚቆመውም መምህር ተማሪው ሁሉ ቡድኑን የሚያውቅበት ባይሆን ይመረጣል።