ልጄ ከቤቷ ይልቅ አኒሜ ወዳዶች ዘንድ ደስ ይላታል፤ ልከልክላት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ16 ዓመት ልጄ አኒሜ የሚባለው የጃፓን ካርቱን ልቧን ወስዶታል። የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ትሰፋለች፤ ባለቀለም ዊግ አድርጋ ዋሽንግተን ወደሚካሄደው ኦታኮን የተባለ የአኒሜ አድናቂዎች ትልቅ ዝግጅት መሄድ ትፈልጋለች። ትምህርቷ ደህና ነው። ቤት ውስጥ ግን አትናገርም፤ የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ጉባኤም ትታለች። ስጠይቃት «እዚያ ማንም ለምን እንዲህ ሆንሽ አይለኝም» አለችኝ። አባቷ «የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ዊጉን አውጥቼ እጥለዋለሁ» ይላል። እህቴ ደግሞ የሰይጣን ሥራ ነው ትላለች። ልከልክላት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ አይከልክሏት፤ ዝምም አይበሉ። ገብተው ይዩላት።

ከአባቷ ቁጣም ከእህትዎ ስጋትም ይበልጥ ያሳሰበኝ የልጅዎ ቃል ነው። «ማንም ለምን እንዲህ ሆንሽ አይለኝም» ስትል ጥያቄው ሌላ ቦታ ሰልችቷታል ማለት ነው። በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ትምህርት ቤት «አንቺ ሐበሻ ነሽ»፣ ዘመድ ቤት «አንቺማ ፈረንጅ ሆነሻል» እየተባሉ በሁለቱም በኩል እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። አኒሜ ወዳዶች መሐል የት ተወለድሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የትኛውን ታሪክ ትወጃለሽ ነው የሚባለው። ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ልብሷን ለብሳ ስትቆም ወሬ መጀመር አይጠበቅባትም፤ ሰው ራሱ መጥቶ «ይሄን ትከሻ እንዴት ሠራሽው?» ይላታል። የምታውቀውን ነገር ስለሆነ አትርበተበትም። ብዙ ልጆች ራሳቸውን መቀበል የሚጀምሩት በእጃቸው የሠሩትን ሰው ቆሞ ሲያይላቸው ነው።

ባለቤትዎ የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ደጋፊ ከሆኑ ነገሩ እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዋን የስፖርት ደጋፊዎችን ለዓመታት አጥንቶ ያሳየው፣ ደጋፊነት ለአእምሮ ጤና የሚበጀው ከሰው ጋር ሲያገናኝ መሆኑን ነው። ተመራማሪዎቹ እነ ስቲቨን ራይሰንና ኮርትኒ ፕላንቴም የአኒሜ አድናቂዎችን ጨምሮ ልዩ ልዩ ቡድኖችን ሲያጠኑ ወደዚያው ደረሱ፤ ከታሪኩ ፍቅር ይልቅ ከሌሎች አድናቂዎች ጋር ያለው ትስስር ነው ከደህንነት ስሜት ጋር አብሮ የሚሄደው። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንዳየች ከመቁጠር ከማን ጋር እንደምታየው ይወቁ። በስም የምታውቃቸው፣ ፊት ለፊት የምታገኛቸው ሁለት ሦስት ልጆች ካሏት ጥሩ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስልክ ላይ ከሆነች ግን ያንኑ አኒሜ እያየችም ብቸኝነቷ አይቀንስም። በዕድሜዋ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋታል፤ በዚህ ላይ አይደራደሩ።

በዚህ ሳምንት እሷ የመረጠችውን አንድ የአኒሜ ክፍል አብረዋት ይዩ። ሲያልቅ «የዚህችን ልጅ ምኗን ወደድሽላት?» ይበሉና ያዳምጡ። «አየሽ፣ አንቺም እንደሷ…» ብለው ምክር ከጀመሩ ሁለተኛ አትነግርዎትም።

ከሁሉ በላይ የምመክርዎ ግን ሹሩባዋን እንዲሠሩላት ነው። ገበያ ላይ ያለው ዊግ አብዛኛው ለሳሳ ፀጉር የተለካ ስለሆነ ወፍራም ፀጉር ላይ ሲደረግ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከግንባሯ እየተንሸራተተ ራሷን ያማታል። ሰፋ ያለ ዊግ ይምረጡ። ቀጫጭን፣ ከራስ ቅል ጋር የተጣበቀ ሹሩባ ወደ ኋላ ይሥሩላት። ጫፎቹን አንድ ቦታ አይቋጥሯቸው፣ ከኋላ ጉብ ይላል፤ ዘርግተው በፀጉር ስፒል ያስይዟቸው፣ ከዚያ የዊጉን መረብ ያልብሱ። ግንባሯ አካባቢ አያጥብቁት። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ታወራላችሁ። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ እንዲህ ማውራት ይቀልለዋል።

አባቷም ሥራ አላቸው። ገጸ ባሕርይዋ የጦር ልብስ ካላት የሚሠራው ፎም ከሚባል 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ ምላጩ ከደነዘዘ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀይርላት ሰው ያስፈልጋል። ማጣበቂያው በሁለቱም ፊት ተቀብቶ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፤ ቶሎ ከተጋጠመ ይላቀቃል። የማጣበቂያው ሽታ ራስ ስለሚያዞር መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ወጪውን በተመለከተ ለአንድ ልብስ ጣሪያ አስቀምጡላትና ምን እንደምትገዛ ራሷ ትወስን።

ፎቶዋን ስትለጥፍ «ይህች ገጸ ባሕርይ ጥቁር አይደለችም» የሚላት ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ኮስፕሌየሮች፣ ማለትም እንደሷ የገጸ ባሕርያትን ልብስ የሚለብሱ ጥቁሮች፣ ይህን ብዙ ሰምተውታል። በ2015 ቻካ ከምበርባች የተባለች አሜሪካዊት ፌብሩዋሪን ሙሉ የጥቁር ኮስፕሌየሮች ሥራ የሚታይበት ዘመቻ ጀምራለች። ልጅዎ ስድቡ ሳይደርስባት አስቀድማ ያን ሥራ ብታይ፣ ቆዳዋን አትወቅስም።

ኦታኮን በ1994 የተጀመረ፣ ከ2017 ጀምሮ ዋሽንግተን የኮንቬንሽን ማዕከል የሚካሄድ ነው። ዘንድሮ ከእሷ ጋር አንድ ቀን ይሂዱ። ከ18 ዓመት በታች የማይገባባቸው ዝግጅቶች ስላሉ ፕሮግራሙን አስቀድማችሁ እዩት። ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው፤ የነካት ካለ ወዲያው ለአስተናጋጆች እንድትናገር ይንገሯት። ነባሮቹ በየቀኑ ቢያንስ 6 ሰዓት እንቅልፍ፣ 2 ጊዜ ምግብ፣ 1 ጊዜ ገላ መታጠብ የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ ሳይበሉና ውሃ ሳይጠጡ በዊግና በፎም የሚውሉት ናቸው። አንዳንድ ዓመት ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የምትጾም ከሆነ ቆሎና ውሃ ቦርሳዋ ውስጥ ይኑር።

የጉባኤውን ነገር ለጊዜው ከዊጉ ጋር አያያይዙት። «እዚያ ምን ተብለሽ ነው የቀረሽው?» ብለው ለብቻ ይጠይቋት፤ ምናልባት የተሳቀባት ልጅ ናት። እህትዎም አብረው አንድ ክፍል ይዩ፣ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይሁን።

በኢንተርኔት «ፎቶ ላኪልኝ፣ ለእናትሽ አትንገሪ» የሚል ትልቅ ሰው ካለ መልእክቱን ሳያጠፉ ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ልጅዎን ግን አይቅጡ፣ ከተቀጣች ቀጣዩን ትደብቅዎታለች። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፏና ምግቧ ከተዛባ፣ ልብስ መስፋቱንም ከተወችና የሚያስደስታት ነገር ከጠፋ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት። መኖር አልፈልግም ካለች በዚያው ሰዓት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ሰዎች እርዳታ ወደሚሰጠው የአሜሪካ ስልክ መስመር 988 ይደውሉ።